ጾም ለለመደ ሰው፦ በሰዓት ጾም ክብደት የመቀነስ አሠራር ከጎጃም ማዕድ ጋር

ለጎጃም ሰው ጾም ላስተምር ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚዘልቅ፣ ፍልሰታን በሱባኤ የሚያሳልፍ፣ ረቡዕና ዓርብን ከልጅነቱ የያዘ ሕዝብ ነው። ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ሳይቀምሱ መዋል ለብዙዎቻችን ብርቅ አይደለም። ነገር ግን ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ እንጅባራ፣ አንድም ጾም ሳይሽሩ ቦርጫቸው ከዓመት ዓመት የሚገፋ ሰዎች አሉ። ስኳሩና ደም ግፊቱም አብሮ ይመጣል።

መራቡን እናውቅበታለን። የሚቸግረን ከረሃቡ በኋላ የሚቀርበው ትሪ ነው። በ9 ሰዓት ጾሙ ሲፈታ ሁለት እንጀራ ከነዘይቱ ሽሮ፣ ቀጥሎ ቡና በስኳርና በዳቦ፣ ማታ ደግሞ ሙሉ እራት ከገባ፣ ቀኑን ሙሉ የተራብነው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይካካሳል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስለ ሰዓቱ ባጭሩ፣ ስለ ማዕዱ ግን በሰፊው እናወራለን።

ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ የሚባለው ነገር ቀላል ነው። በቀን ውስጥ የምትበሉበትን ሰዓት ትወስናላችሁ፤ ከዚያ ውጭ ምግብ የለም። ውሃ ግን ይጠጣል። የቤተ ክርስቲያን ጾም ከዚህ የተለየ ነው፤ ዓላማው ንስሐና ጸሎት ነው፣ እስኪፈታም ውሃ አይጠጣበትም። ረመዳንም እንደዚያው የራሱ ሥርዓት አለው። እነሱን የክብደት መቀነሻ እንዳናደርጋቸው አደራ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ስለ ምግብ ሰዓት ነው፤ ግራ እንዳይገባን የሰዓት ጾም እለዋለሁ።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ስንበላ ስኳር ወደ ደም ይገባል። ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ይወጣና ስኳሩ ወደ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። ጉበት የተወሰነውን ለኋላ ያስቀምጣል። ከዚያ የተረፈው ስብ ሆኖ ይከማቻል። ሳንበላ ስንቆይ ደግሞ ኢንሱሊን ይወርድና ጉበት ያስቀመጠውን ማውጣት ይጀምራል። 12 ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ያ ክምችት እየሳሳ ይሄዳል፤ ሰውነትም ይበልጥ ወደ ስቡ ፊቱን ያዞራል። ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ስንቆረጥም፣ በሻይ በስኳር ስንውል፣ ሰውነት እዚያ ደረጃ ላይ የሚደርስበት ጊዜ ያጥረዋል።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። የሰዓት ጾም ተአምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ጥናት ነበር። ቻይና ውስጥ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 139 ሰዎች ለ12 ወር ተከታትለዋል። ሁሉም የምግባቸውን መጠን እንዲቀንሱ ተደረገ፤ ገሚሶቹ ደግሞ በተጨማሪ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ተነገራቸው። በሰዓት የበሉት በአማካይ 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱ ግን ሰዓቱ ያመጣው ነው ለማለት የሚያስደፍር ሆኖ አልተገኘም። ዋናውን ሥራ የሠራው የምግቡ መጠን ነው። ሰዓቱ አጥር ነው፤ ማታ ማታ ሳናስበው ወደ አፋችን የሚገባውን ያስቆማል። እኔም የምወደው ለዚህ ነው። ምግብ መመዘንና ካሎሪ መቁጠር ለማይሆንለት ሰው፣ ሰዓት አይቶ ማቆም ይቀለዋል።

መጀመር የሌለባቸው

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ክብደታቸው ድሮም ያነሰ፣ አቅማቸው የደከመ አረጋውያን፣ ከዚህ በፊት ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ጤና ችግር የገጠማቸው፣ እነዚህ ሁሉ አይጀምሩ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወይም ከምግብ ጋር የሚዋጥ ሌላ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ሽንት የሚያሸና የግፊት ክኒን የሚወስድ፣ ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

የስኳር ሕመም ላይ ላፍታ ልቁም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው ምግቡን ዘልሎ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ከወሰደ ስኳሩ በጣም ሊወርድበት ይችላል። ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ነገር ይምታታበታል፤ አንዳንዱ ራሱን ይስታል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ወይም መለኪያ ሳይኖር ምልክቶቹ ከታዩ፣ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ከዚያም ምግብ መቅመስ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ስኳር ያለበት ሰው የሰዓት ጾም ፈጽሞ አይችልም ማለቴ አይደለም። መድኃኒቱ መጀመሪያ በሐኪም ይስተካከል ነው የምለው።

ሌላው ከራሳችን ከባቢ የሚነሳ ነው። በክረምት በሬ ጠምዶ የሚውል፣ በበጋ እህል ሲያጭድና ሲወቃ የሚከርም ገበሬ የሚቀንሰው ስብ የለውም። ይህ መመሪያ ለእሱ አልተጻፈም። የተጻፈው ቢሮና ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ለሚውል፣ ባጃጅና መኪና ለሚነዳ፣ ለከተማ ሰው ነው።

አንደኛ፦ ለኩ

አንድ ሲባጎ ውሰዱ። ቁመታችሁን ከጫማ በታች እስከ አናት ለኩበትና ቁረጡት። ሲባጎውን ለሁለት እጠፉት። አሁን የታጠፈውን በእምብርታችሁ ዙሪያ አዙሩት፤ ሆዳችሁን ሳትስቡ፣ አየር አስወጥታችሁ። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ ደህና ነው። ካልተገናኘ የወገባችሁ ዙሪያ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል ማለት ነው፤ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ደግሞ ለስኳርና ለልብ ሕመም ከሁሉ የከፋው ነው። ሲባጎውን አትጣሉት። በየወሩ መጨረሻ ያንኑ አዙሩት፤ ክፍተቱ ሲጠብ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ለእኔ ከሚዛን ይልቅ ይኼ ያበረታል።

ሚዛኑም ይቅር አልልም። ፋርማሲ ያለውም ሆነ መንገድ ዳር ልጆቹ ይዘውት የሚቀመጡት ይሆናል፤ ዋናው ሁልጊዜ ያው አንዱ ይሁን። በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከቁርስ በፊት። ክብደታችሁን በኪሎ ይዛችሁ ለቁመታችሁ በሜትር ሁለት ጊዜ አካፍሉት። ቁመቱ 1.65፣ ክብደቱ 78 ኪሎ የሆነ ሰው 28.6 ገደማ ይመጣለታል። ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ ነው፤ ከ25 በላይ ክብደት በዝቷል፤ ከ30 በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ከ18.5 በታች የወጣላችሁ መመሪያውን እዚሁ ዝጉት።

ግባችሁን አታግዝፉት። ከክብደት ላይ 5 በመቶ እንኳ ሲቀንስ ግፊትና ስኳር ላይ ለውጥ ይታያል። ለ78 ኪሎው ሰው 4 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ቶሎ የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አያስፈንድቃችሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሲዘገይም አያስደንግጣችሁ። በጣም በፍጥነት መክሳት ራሱ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ሰዓቱን ምረጡ

በአንድ ጊዜ 16 ሰዓት ላይ አትዝለሉ። መጀመሪያ 12 ሰዓት ይሁን፤ እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አልቆ፣ ቁርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ። ቀላል ይመስላል። ግን በብዙ ቤት እራት የሚቀርበው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ዜናው ካለቀ በኋላ ነው፤ ከእራቱም በኋላ ቆሎ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ቁርስ መዝለል ሳይሆን እራትን ቀደም ማድረግ ነው። ይህ ብቻውን ለአንዳንዱ ሰው ይበቃዋል።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ 14 ሰዓት እለፉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ትበላላችሁ። ከዚያ የተመቸው ሰው ወደ 16 ሰዓት ይሂድ፤ መብያው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ከቀትር 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚመርጡም ብዙ ናቸው፤ ለቢሮ ሠራተኛ ይመቻል። ምርጫ ካላችሁ ግን ቀደም ያለውን ውሰዱ። ሰውነት ስኳርን በጠዋት ከማታ በተሻለ ያስተናግዳል፤ ሆድ ሞልቶ መተኛት ደግሞ ቃር ላለበት ሰው መከራ ነው።

ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ላይ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ሌላ ሰዓት አትጨምሩበት። ከ9 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ እየበላችሁ ነው፤ ይህ 19 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ነው፤ ከበቂ በላይ ነው። በእነዚያ ወራት ሥራችሁ የሚቀርበውን ምግብ ማስተካከል ብቻ ይሁን፤ ከ9 በኋላ ደግሞ ውሃ አትርሱ። ረመዳን የሚጾሙ ወገኖቻችንም እንደዚሁ፤ ሳምቡሳውን ቀንሶ ሾርባውንና ጥራጥሬውን ማብዛት፣ ሱሁርንም (ከንጋት በፊት የሚበላውን) አለመዝለል።

ጠዋቱን እንዴት ማለፍ ይቻላል

ውሃ። ስትነሡ አንድ ትልቅ ብርጭቆ፣ ከዚያ በየመሃሉ። ባሕር ዳር ሙቀቱ ስለሚያልብ ውሃው ይበዛል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጠዋቱ ይበርዳል፣ ብርዱ ደግሞ ረሃብ ይቀሰቅሳል። እዚያ ትኩስ ነገር ያስፈልጋል። የጮቄ ጦስኝ በሙቅ ውሃ፣ ዝንጅብል፣ ቀጭን ሻይ፣ ሁሉም ያለ ስኳር ይቻላል።

ቡናው ነው ፈተናው። ቡና ያለ ስኳር የሰዓት ጾሙን አያበላሽም። የሚያበላሸው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስኳሩ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ በሁለት የሻይ ማንኪያ ከተጠጣ ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 24 ግራም ስኳር ይሆናል። ሌላው የቡና ቁርሱ ነው። ቆሎው፣ ዳቦው፣ ድንቹ። "ምንም አልበላሁም፤ ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የረሳው ያንን እፍኝ ቆሎ ነው። መፍትሔው ቡናውን መተው አይደለም፤ የጎረቤት ቡና ጥሪ ላይ መቅረት ማንንም አይጠቅምም። የቡናውን ሰዓት ወደ መብያ ሰዓታችሁ ውስጥ አስገቡት። ካልሆነ ከመራራው አንድ ስኒ ጠጥታችሁ ተጫወቱ። ስኳሩን ባንዴ መተው ካቃታችሁ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ።

ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ ቡና አይጠጣ።

ሦስተኛ፦ ጾሙ ሲፈታ

ወገኖቼ፣ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ16 ሰዓት በኋላ እጅ ይቸኩላል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ላይ የምታደርጉት ነገር ቀኑን ይወስነዋል።

መጀመሪያ ውሃ ጠጡ። ቀጥሎ እንጀራው ከመነካቱ በፊት ጎመን፣ ሰላጣ ወይም ትንሽ አዚፋ ብሉ። በርበሬ የበዛበትን ወጥ የመጀመሪያ ጉርሻ አታድርጉት፤ ባዶ ጨጓራ ይቆጣል። ከዚያ ወጡንና እንጀራውን። ቅጠሉና ጥራጥሬው ቀድሞ ሲገባ ሆድ ቶሎ ይሞላል፤ ስኳሩም ደም ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

አብሮ መብላት ላይ አንድ ችግር አለ። አንድ ትሪ ዙሪያ ስንቀመጥ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። እንጀራ ሲያልቅ ይጨመራል፣ ወጥ ሲያልቅ ይጨለፋል። አብሮ መብላታችንን ማፍረስ አልፈልግም፤ ፍቅራችን ነው። ግን እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ትሪው ላይ ሲቀርብ የእናንተን ፊት ለፊት ለዩት። አንድ እንጀራ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ይጠቅለልና ፊታችሁ ይቀመጥ። ወጡ መሃል ላይ ይሁን፤ እናንተ የምትቆርሱት ግን ከዚያ ጥቅል ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ጨዋታው ይቀጥል። ሆድ መጥገቡን ለማወቅ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ በእርግጥ ከራባችሁ ጥራጥሬውንና ጎመኑን ድገሙ፤ እንጀራውን አትድገሙ።

እንጀራ ጠላት ነው የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትስሙት። ጤፉ ብረትና አሰር አለው። የሜጫና የቡሬ ዳጉሳ፣ የደጋው ገብስና እንግዶም ጥሩ ናቸው። ጥፋቱ ከመጠኑ ነው። ይልቅ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ብስኩት ቢቀሩ አይጎዱንም።

ፕሮቲን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ላይ ከቀትር 6 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ የበሉ ሰዎች ከቀነሱት ክብደት ውስጥ ብዙው ስብ አልነበረም፤ ጡንቻን የሚያካትተው የሰውነት ክፍል ነበር። ጡንቻ ማጣት ደግሞ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በየማዕዱ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ይኑር። የአዊና የምዕራብ ጎጃም ሰው ግብጦ አለለት፤ ከባቄላና ከሽምብራ የበለጠ ፕሮቲን የያዘ ነው። ግን አደራ፣ ተቆልቶ ለቀናት በሚቀያየር ወይም በሚወርድ ውሃ ተዘፍዝፎ ምሬቱ ሙሉ በሙሉ ይልቀቅ፤ ያ ምሬት የሚጎዳ ነገር ስላለበት ነው። በፍስክ ቀን እንቁላል፣ አይብ፣ እርጎ፣ የጣና ቀረሶ ዓሣ ጥሩ ናቸው። ቀረሶውን ግን በዘይት ከምታጠልቁት በወጥ ወይም በጥብስ ብሉት።

የምሳና የእራት ልዩነት ላይ ብዙ አልልም። ሁለት ማዕድ፣ በመሃል አንድ ፍራፍሬ ወይም እፍኝ ንፍሮ። ማንጎው በወቅቱ ርካሽ ነው፤ አንድ ይበቃል፤ ጁስ ግን አታድርጉት። ለስላሳውንም ተዉት። በሶ የምትወዱ ከሆነ በመጠኑ፣ ስኳር ሳይገባበት።

ስለ ዘይቱ

ይህን የምጽፈው ድስቱ አጠገብ ለሚቆመው ሰው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ሲፈስ ስንት ማንኪያ እንደገባ ማንም አያውቅም። ጾም ላይ ያለ ሰው "ቅቤ አልበላሁም" ይላል፤ ዘይቱ ግን ከቅቤ አያንስም፣ ስቡ ያው ስብ ነው።

እንዲህ ሥሩ። ሽንኩርቱን ደቃቁን ክተፉና ያለ ዘይት በደረቁ ድስት ላይ አቁላሉት። ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ጨምሩበት። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲሄድ በርበሬውን አስገቡ፤ አሁንም በትንሽ ውሃ። በርበሬው ከበሰለ በኋላ ዘይቱን በማንኪያ እየሰፈራችሁ አስገቡ፤ ለአምስት ሰው ድስት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጣዕሙ ከሽንኩርቱ መቁላላት የሚመጣ ስለሆነ ወጡ አይጎድልበትም። ጀሪካኑን ከምድጃው አርቃችሁ አስቀምጡ፤ አጠገብ ካለ እጅ ይሄድበታል። ጨውም እንደዚሁ ይቀነስ፤ ግፊት ላለበት ሰው ከክብደቱ እኩል ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል። ባል የሰዓት ጾም ጀምሯል ተብሎ ሚስት በቀን አራት ጊዜ እሳት ማንደድ የለባትም። ቤተሰቡ የሚበላበትን አንዱን ሰዓት ከእናንተ ጋር አገናኙት። ካልሆነ ያደረውን አሙቁና ራሳችሁ አቅርቡ።

ረቡዕና ዓርብ

ሌላ ዓይነት አሠራር አለ። በሳምንት አምስት ቀን እንደ ወትሮው፣ ሁለት ቀን ግን ጥቂት ብቻ መብላት፤ ለሴት 500፣ ለወንድ 600 ካሎሪ ገደማ። ሁለቱ ቀናት አይከታተሉም። ይህ አሠራር ስሙ ከውጭ ቢመጣም ቀኖቹ ቤታችን ውስጥ ያሉ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ መስዋዕትነቱን አስቀድማችሁ ከፍላችኋል። የቀረው ከ9 ሰዓት በኋላ ያለውን ምግብ ማቅለል ነው። ግማሽ እንጀራ፣ ትንሽ ዘይት ያለበት ምስር በጭልፋ፣ ጎመን እስክትጠግቡ። ይህ ወደዚያ መጠን ይቀርባል። በየቀኑ ሰዓት መጠበቅ ለሚከብደው ሰው እኔ የምመርጥለት ይህን ነው። ሐሙስ ላይ ግን የረቡዕን ለመካስ አትብሉ።

ግብዣ ላይ

ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ የጥር ሠርጉ፣ ተዝካሩ አይቀርም። እትዬ "አፈር ስሆን ቅመስ" ብለው ጉርሻ ዘርግተው ሲቆሙ "የመብያ ሰዓቴ አልደረሰም" ማለት አይሆንም። ጉርሻዋን ተቀበሉ። አንዷን። ከዚያ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ጨጓራዬን እየታከምኩ ነው" ሳይሆን እውነቱን ተናገሩ፤ "ሐኪም ክብደት ቀንስ ብሎኛል፣ ይርዱኝ" ሲባሉ እናቶቻችን ይረዳሉ። ግብዣ ባለበት ቀን የመብያ ሰዓታችሁን ወደ ግብዣው አዙሩት፤ ጠዋቱን ወይም ማታውን ዝለሉ። አንድ ቀን ቢበላሽ ሁሉም አልፈረሰም፤ በማግሥቱ በሰዓታችሁ ቀጥሉ።

አረቄ በባዶ ሆድ ግን አይሆንም። ጨጓራን ያቃጥላል፣ ስኳርንም ያወርዳል። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፤ ጠላም ቢራም ጠጅም ከዚህ አያመልጡም። ቀለል ያለ ጠላ በመብያ ሰዓት፣ ከምግብ ጋር፣ አንድ ጣሳ።

መክሳታችሁ ሲታይ ደግሞ "ምነው ገረጣህ፣ ታመሃል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። መወፈር ምቾት፣ መክሳት መጎሳቆል የሚመስልበት አገር ላይ ነን። ልባችሁ እንዳይሸበር፤ የሐኪም ቤት ውጤታችሁን ይዛችሁ መልሱላቸው።

እንቅስቃሴ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌቱም ሞልቷል። ሥራ በብስክሌት ሂዱ። ሌላ ቦታ ያላችሁ በእግር፤ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ። ለጡንቻ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ማንሣት ይበቃል። ከባዱን እንቅስቃሴ መብያ ሰዓታችሁ አጠገብ አድርጉት።

ሲያስቸግር

መጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከውሃ ማነስ ወይም ቡና ከመቀነስ ነው። ሆድ ድርቀት ካለ ጎመኑን፣ ተልባውንና ውሃውን አብዙ። ሆድ ሲጮህ ውሃ ጠጥታችሁ ትንሽ ተንቀሳቀሱ፤ ረሃቡ ይመጣና ያልፋል። ጨጓራ ሲያቃጥል ግን አትታገሡት፤ ሰዓቱን ወደ 12 መልሱት፤ ካልተሻለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በሕክምና የሚድን ነገር ነው። የወር አበባ ከተዛባ፣ ፀጉር ከተነቃቀለ፣ ብርድ ብርድ ካላችሁና ጉልበት ከከዳችሁ ሰውነት በቂ ምግብ እያገኘ አይደለም፤ አቁሙ። ትኩሳት ሲኖርም ጾም የለም፤ በተለይ በወባ ወቅት ፈጥናችሁ ተመርመሩ። መኪናና ባጃጅ የምትነዱ፣ ራስ ካዞራችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ጾሙን እዚያው ፍቱ።

ሦስት ወር ሞክሩት። ሲባጎውም ሚዛኑም ንቅንቅ ካላሉ ሰዓቱን ማስረዘም መልስ አይደለም፤ ወደ ዘይቱ፣ ወደ ስኳሩና ወደ ሁለተኛው እንጀራ ተመለሱ። የፈለጋችሁት ላይ ስትደርሱ ወደ 12 ወይም 14 ሰዓት መልሱት፤ እራትን በጊዜ መብላቱን ግን አትልቀቁ፤ ሳምንታዊውን ሚዛንም ቀጥሉ። የደም ግፊት ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ክብደት ሲቀንስ ግፊቱም አብሮ ሊወርድ ይችላል። ተለክታችሁ መጠኑን ሐኪም ያስተካክልላችሁ፤ በራሳችሁ አታቋርጡት።